ገብስና ባቄላ በአንድ ማሰሮ

ይህን ጉዞ ያኔውኑ ልጽፈው ብዬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ያ መንግሥት በነበረበት ጊዜ እንዲህ ያለውን ነገር በወረቀት ላይ ማስቀመጥ በገዛ ቤት ላይ ክብሪት እንደ መጫር ነበር። አሁን ግን የአርባ ምንጭ የሰንበቴ ማኅበርተኞቼ፣ ወሎን ከስሙ በቀር የማያውቁት፣ «እስቲ ያን የደሴ መንገድሽን ጻፊልን» እያሉ ስለ ወተወቱኝ፣ የማስታውሰውን ያህል፣ ሳልጨምር፣ በየቀኑ ከፋፍዬ አስቀምጬዋለሁ።

ለማያውቀኝ አንባቢ፣ እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ባለቤቴ ለሥራ ወደ አርባ ምንጭ ሲዛወር ተከትዬው ወረድኩ። እሱ ሲያርፍ እኔ እዚያው ቀረሁ፤ በጎልማሶች ትምህርት ጽሕፈት ቤት እሠራ ነበር። እንግሊዝኛዬ ደህና ስለ ነበር እንግዳ ሲመጣ አስተርጓሚ ሆኜ እላካለሁ። የዚያን ክረምት የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ እየተነበበ ሕዝብ እንዲወያይበት ታዝዞ ነበር። በዚሁ ምክንያት አንድ የውጭ የትምህርት ድርጅት ከታንዛኒያ አንዲት ባለሙያ ላከ፤ ገበሬው በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ስለ መብቱና ስለ ድምፅ አሰጣጥ እንዴት እንደሚማር ልምድ ለመለዋወጥ። ቦታው ደቡብ ወሎ ሆነ። ደብዳቤው ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ አገሩ ውበት አይደለም። «ከባዕድ ሰው ጋር አራት ቀን። የተናገረችው ሁሉ በእኔ አፍ ነው የሚያልፍ» አልኩ በልቤ። ጾመ ፍልሰታ ነበርና ለእመቤቴ ተሳልኩ።

የመጀመሪያው ቀን፤ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ

ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነሳን። ሾፌራችን ጋሽ ተፈራ የሚባሉ፣ የሰሜኑን መንገድ እንደ ቤታቸው ጓዳ የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። እንግዳዋ ወይዘሮ ረህማ ይባላሉ፤ ታንጋ ከምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ የመጡ፣ ወፈር ያሉ፣ ራሳቸውን በሻሽ የሸፈኑ ሙስሊም ሴት ናቸው። ገና ሰንዳፋ ሳንደርስ ስለ ልጆቻቸው ስም በስም ነገሩኝ። እኔ ስለ ራሴ ብዙ አልነገርኳቸውም። የዚያን ጊዜ ሰው ስለ ራሱ ብዙ አይናገርም ነበር።

በየኬላው እንወርዳለን፤ የይለፍ ወረቀት እናሳያለን፤ ቦርሳ እንከፍታለን። ደብረ ሲና ከመድረሳችን በፊት አንድ ወታደር ወይዘሮ ረህማን ትክ ብሎ አየና «ኩባ ናት?» አለኝ።

«አይደሉም፤ የታንዛኒያ ናቸው» አልኩት።

ታንዛኒያን አላወቃትም መሰለኝ፣ ወረቀታችንን ይዞ ወደ ድንኳኑ ገባ። ጉም ውስጥ ቆመን ስንጠብቅ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናነብኩ። ከብርዱ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ወረቀቱ ተመልሶልን ስንነሳ ጋሽ ተፈራ ጎርነን ባለ ድምፅ «አዎ ኩባ ናት ብትይው ኖሮ ይሄኔ ሸዋ ሮቢት ደርሰን ነበር» አሉኝ።

«በጾም አልዋሽም፣ ጋሼ።»

«ጾሙ ሲፈታ ትዋሺያለሽ ማለት ነው?»

ወይዘሮ ረህማ ምን እንዳሉ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ በኋላ መኪናው ውስጥ ያለው አየር ቀለል አለ።

ጣርማ በርን አልፈን ስንወርድ ብርዱ ወደ ኋላ ቀረ፤ ሙቀት ተቀበለን። የሰንበቴን ከተማ አለፍ እንዳልን ጎማ ተነፈሰ። መለዋወጫው ጎማም ለካ የባሰ ኖሯል። በረሃው ላይ ቆመን ሳለ ከብት የሚነዱ ሁለት ሽማግሌዎች ቀረቡ፤ አንዱ ምንም ሳይጠይቁን ከግመሎቻቸው ጭነት ላይ ውሃ አውርደው ሰጡን። ሌላው ካራቆሬ ሄዶ የጎማ ጠጋኝ የሚያመጣ ሰው ላኩ። አርባ ምንጭ ሳለሁ ሙቀት ለመድኩ ብዬ እታበይ ነበር። ግን እኛ ዘንድ ዛፍ አለ፤ እዚያ ያለው የጥላ ቁራጭ የሽማግሌው ጋቢ ብቻ ነበር። ጋቢውን ለእንግዳዋ ዘርግተው እሳቸው ፀሐዩ ላይ ቆሙ።

ኮምቦልቻ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። የታዘዘልን ሆቴል በስብሰባተኞች ተይዟል ተባለ። ሰዓት እላፊው ደግሞ እየቀረበ ነው። እኔ መንገድ ላይ ልንያዝ ነው ብዬ ውዳሴ ማርያም ስደግም ጋሽ ተፈራ መኪናውን ወደ አንድ ጠባብ መንደር አስገብተው በር አንኳኩ። የከፈቱልን ወይዘሮ ዘሃራ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከጋሽ ተፈራ ጋር የቆየ ትውውቅ ያላቸው ሴት ናቸው።

«ግቡ፣ ግቡ። አላህ የሰጠኝን እንግዳ ከደጅ አላቆምም» አሉ። ወዲያው ወይዘሮ ረህማና እሳቸው «አሰላሙ ዓለይኩም» ተባብለው ተቃቀፉ። ቋንቋ ሳይኖራቸው እንዲህ ሲግባቡ እኔ የአስተርጓሚዋ ሥራ ገና በመጀመሪያው ቀን የቀረብኝ መሰለኝ።

እኔ ግን በሆዴ ሌላ ጭንቀት ነበረብኝ። የሙስሊም ቤት ነው፤ እኔ ደግሞ የምጾም ክርስቲያን። ደብረ ማርቆስ እያለሁ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ስቸገር ወይዘሮ ዘሃራ ከጓዳ አንድ ጥቁር ድስት ይዘው ወጡና አፍንጫዬ ድረስ አቀረቡት።

«አሽትቺው እስቲ። ይህ ድስት ቅቤ ነክቶት አያውቅም፣ ሥጋም አልገባበት። የክርስቲያን እንግዳዬ ድስት ነው። ማማሰያውም የብቻው ነው። ምስር ነው የሠራሁልሽ። ብይ፣ የኔ ዓለም።»

በላሁ። እንባዬ ሊመጣ ሲል ሚጥሚጣው ነው አልኩ።

ከራት በኋላ ስለ ሥራችን ጠየቁኝ። ስለ ድምፅ አሰጣጥ ትምህርት መሆኑን ስነግራቸው ተነስተው ራዲዮኑን ጮክ አደረጉና ከጎኔ ተቀመጡ።

«እህቴ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «እኛ ዘንድ እጅ አንሡ ሲባል የሚቆጠረው ያነሳው አይደለም። ያላነሳው ነው። ይህን ለሴትዮዋ ንገሪያት።»

አልነገርኳቸውም። በዚያ ምሽት ያችን ዓረፍተ ነገር እንደ ተሰረቀ ዕቃ ከእኔው ጋር አስተኛኋት።

ሁለተኛው ቀን፤ ደሴ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለው ዳገት እንደ ጥምጥም ይዞራል። በእያንዳንዱ ዙር አየሩ እየቀዘቀዘ ሄዶ ላይ ስንደርስ ጉሙ ከተማዋን ውጧታል። ጦሳ ተራራ የት እንዳለ እንኳ አልታየኝም። ነሐሴ በደብረ ማርቆስ እንዲሁ ነው፤ ከስንት ዓመት በኋላ የአገሬ ብርድ አጥንቴ ውስጥ ሲገባ ደስ አለኝ። ወይዘሮ ረህማ ግን ያላቸውን ልብስ ሁሉ ደራርበው አሁንም ይንቀጠቀጡ ነበር። አንድ ሱቅ አስቁመን ጋቢ ገዛንላቸው።

የአስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ገብተን ኃላፊውን አገኘን። ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ሲያዳምጡ እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ያቆሙታል። አጠገባቸው ጓድ ሽመልስ የሚባል ወጣት ካድሬ ተቀምጧል፤ ነገ ይዞን የሚሄደው እሱ ነው። ወይዘሮ ረህማ አገራቸው ውስጥ ማንበብ የማይችል ገበሬ እንዴት እንደሚመርጥ አስረዱ። አንዱ ተወዳዳሪ የዶማ ሥዕል፣ ሌላው የቤት ሥዕል ይሰጠዋል፤ ገበሬው ማንም ሳያየው በወደደው ላይ ምልክት ያደርጋል። ቀጥለው እንዲህ አሉ፦

«እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ቢል፣ እሺታው ምን ይባላል? እኔ ማስተማር የምፈልገው መጀመሪያ እምቢ ማለትን ነው።»

እርሳሱ ቆሟል። ጓድ ሽመልስ አፌን ያየኛል። እኔም «ሕዝቡ ጉዳዩን በሚገባ ተረድቶ ይሳተፍ ዘንድ ይመኛሉ» ብዬ አስተረጎምኩ።

ኃላፊው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወይዘሮ ረህማ ደግሞ ወጥተን ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ይዘው «አማርኛ በጣም አጭር ቋንቋ ነው ማለት ነው» አሉኝ። አልተቆጡም። እኔ ግን ከዚያ ጀምሮ ዓይናቸውን ማየት ከበደኝ።

በዚያ ምሽት ያረፍንበት ሆቴል ግድግዳው ከኮምፖልሳቶ ነበር። ከወዲያኛው ክፍል የሰው ሳል ይሰማል። እኛ እሱን ከሰማነው እሱም ይሰማናል ማለት ነው ብዬ፣ ጸሎቴን እንኳ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ አደረስኩ። ራት ያቀረበችልን አስተናጋጅ «የጾም» ስላት ፊቷ አበራ። «እኔም እኮ ይዣለሁ» አለችና፣ ሽሮው ላይ ያልታዘዘ ቃሪያ ጨመረችልኝ።

ሦስተኛው ቀን፤ ከቦሩ ሜዳ ወዲያ

ቦሩ ሜዳን እንዳለፍን መኪናችን ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዱ ገባ። ጓድ ሽመልስ በአዲሱ ጫማው ወርዶ ሊገፋ ሲል አንዱን ጫማ ጭቃው ዋጠበት። የመንደሩ ሰዎች አካፋና ገለባ ይዘው መጡ፤ እየሳቁ አወጡን፤ ጫማውንም ቆፍረው አገኙለት። «ጓድ፣ መሬቱም ለፓርቲው መዋጮ ጠየቀ» አለው አንዱ። ጓድ ሽመልስ እንደ መሳቅም እንደ መቆጣትም አደረገው። ሰዎቹም ወዲያው ሳቃቸውን ዋጡ።

የመሠረተ ትምህርት ጣቢያው አናቱ ሣር የለበሰ፣ ግድግዳው ግማሽ ድረስ የቆመ ዳስ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ተቀምጧል፤ በዚያ አገር ወንድምና እህት እንኳ በሃይማኖት ተለያይተው በአንድ ግቢ ይኖራሉ። ከፊት የተቀመጡት ሸህ እንድሪስ የሚባሉ፣ ሁለቱም ወገን የሚያከብራቸው፣ የተጣላ የሚያስታርቁ አዛውንት ናቸው። ከጎናቸው ጠመንጃውን ጭኑ ላይ ያጋደመ ሰው አለ፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር። ወደ ብሔራዊ ውትድርና የማን ልጅ እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ መሆኑን ጋሽ ተፈራ መንገድ ላይ ነግረውኛል። በዳሱ ውስጥ ጎረምሳ አልነበረም፤ ሽማግሌ፣ ሴትና ሕፃን ብቻ።

ወይዘሮ ረህማ «አሰላሙ ዓለይኩም» ሲሉ ዳሱ ሁሉ እንደ ንብ ተንሾካሾከ። ሸህ እንድሪስ ዱዓ አደረጉ፤ ሙስሊሙ «አሚን» ሲል ክርስቲያኑም «አሜን» አለ፤ እኔም ጭምር።

ከዚያ ልምምዱ መጣ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ፍሬ ገብስና አንድ ፍሬ ባቄላ በመዳፉ ይሰጠዋል። ገብሱ እሺ፣ ባቄላው እምቢ ነው። በጥግ በኩል ጋቢ ተሰቅሏል፤ ከጋቢው ጀርባ ማሰሮ ተቀምጧል። አንድ በአንድ እየገባ አንዱን ፍሬ ማሰሮው ውስጥ ይጥላል፤ የቀረውን መሬት ይጥለዋል። እኔ የማሰሮው ጠባቂ ተደረግሁ።

«ጠባቂዋ ፊቷን ታዞራለች» አሉ ወይዘሮ ረህማ። «ማን ምን እንደ ጣለ አታይም፤ ያየችም እንደሆነ ለማንም አትናገርም። ሕጉ ይህ ነው።»

ይህን ቃል በቃል አስተረጎምኩት። የሚያስፈራ ነገር አላየሁበትም ነበር።

ጥያቄው ምን ይሁን ሲባል ወይዘሮ ረህማ ቀለል ያለ ነገር አሰቡ፦ ለድግስ በግ ይሻላል ወይስ ፍየል? ሰው ሳቀ። አንዲት አሮጊት «ሁለቱም የሉንም፣ ምኑን እንምረጥ» አሉ። ያኔ ሊቀመንበሩ ተነሳ።

«በእኔ ይለማመዱ» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ሊቀመንበራችን ይቀጥል ወይ? ይኸው ጥያቄ። እኔ ሁልጊዜ በሙሉ ድምፅ ነው የተመረጥኩ። እንግዳዋም ትየው።»

ጓድ ሽመልስ ጥቂት አመነታ፤ ከዚያ «ይሁን» አለ።

ሰዎቹ መግባት ጀመሩ። እኔ ፊቴን ወደ ውጭ አዙሬ ቆምኩ። ከኋላዬ የፍሬ ድምፅ ይሰማኛል፤ ጧ፣ ጧ። ከሁሉም የገረመኝ የሚፈጀው ጊዜ ነው። በስብሰባ ላይ እጅ ማንሳት የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው የሚወስደው። እዚያ ግን አንዱ ሰው እንደ ገባ ረጅም ዝምታ ይሆናል። አሮጊቷ ሲገቡ የጋቢው ጫፍ አደናቀፋቸው፤ ልደግፋቸው ዘወር አልኩ። ዓይኖቻቸው እኔ ላይ ነበሩ፤ ጣቶቻቸው ግን ሁለቱን ፍሬዎች መዳፋቸው ውስጥ ያንከባልላሉ። ባቄላውን ሲጥሉ አየሁ። ቶሎ ፊቴን መለስኩ።

የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ማሰሮውን ላነሳ ጎንበስ አልኩ። መሬቱ ላይ ገብስ ተበትኖ ነበር። ብዙ ገብስ። ሁለት ዶሮዎች ገብተው ቶሎ ቶሎ ይለቅማሉ። የሠራዊት ጌታ ሆይ፣ ዶሮዎቹን አፍጥናቸው አልኩ። ግን ምን ሊጠቅም፤ ማሰሮው እጄ ላይ ነው።

ወይዘሮ ረህማ ማሰሮውን በሰፌድ ላይ ገለበጡት። ባቄላ ነው። እዚህም እዚያም ጥቂት ገብስ ይታያል እንጂ ሰፌዱ በባቄላ ጠቁሯል።

ሊቀመንበሩ ሰፌዱን አየ፤ ቀጥሎ ሰዉን አንድ በአንድ ማየት ጀመረ፤ ፊት እየመዘገበ ነበር። ጠመንጃው ከጭኑ ወደ እጁ መጣ። ወይዘሮ ዘሃራ ያሉኝ ነገር ትዝ አለኝ፤ ዛሬ ደግሞ የሚቆጠረው ሁሉም ሰው ሊሆን ነው።

ያኔ ሸህ እንድሪስ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ሳቁ።

«ጓዶች፣ አፉ በሉን። እኛ የገጠር ሰው ነን። ፍሬ በማሰሮ ሲባል ዕጣ መስሎን ነው። መሬት ስንከፋፈል፣ የውሃ ተራ ስንይዝ በዕጣ ነው። ዕጣ ሲጣል ደግሞ ዓይን አያይም፤ ሰው መርጦ ከጣለማ ዕጣው ይረክሳል። የሚያወጣው አላህ ነው።»

«ዕጣ?» አለ ሊቀመንበሩ። «እሺና እምቢ ተብሎ ተነግሯችሁ የለም ወይ?»

«ተነግሮናል፤ አልገባንም። መሃይም ነን፤ ገና ፊደል መቁጠራችን ነው።»

«እስቲ ማሉ!»

ሸህ እንድሪስ ሳቃቸውን አቆሙ። «ወላሂ» አሉ፣ «እህሉን በዓይኔ አላየሁትም። እንደ ጨፈንኩ ነው የጣልኩት።»

«እኔም» አሉ አሮጊቷ። «እኔም»፣ «እኔም» አለ ዳሱ በሙሉ። ክርስቲያኖቹ በማርያም ማሉ። እኔ ደነገጥኩ። ሸህ እንድሪስ ሃይማኖተኛ ሰው ናቸው፤ በአላህ ስም በሐሰት ማሉ አልኩ በልቤ። ወይዘሮ ረህማ ምን እየተባለ እንደሆነ ሲጠይቁኝ የሸሁን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው።

ሊቀመንበሩ አልበረደም። ሽማግሌው ሕዝቡን አሳድመዋል፣ ደሴ ሄደው ያስረዱ አለ። ጓድ ሽመልስም ላብ ላብ ብሎት «ለማብራሪያ ያህል ነው» እያለ ተስማማ። የሚጫኑበት ሌላ መኪና ስለ ሌለ ሸህ እንድሪስ በእኛ መኪና፣ ከእኔ ጎን ተቀመጡ። ልንነሳ ስንል አሮጊቷ እየሮጡ መጥተው የተረፈውን ገብስና ባቄላ እንደ ተደባለቀ ነጠላዬ ላይ ዘረገፉልኝ። «ለጾምሽ፣ ልጄ። እንግዳ ባዶ እጁን አይሄድም።»

መንገዱን ሁሉ ሸሁ ሙሰባሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ይቆጥራሉ፤ እኔ በልቤ ጸሎት አደርሳለሁ። አንዴ ብቻ «የት አገር ነሽ?» አሉኝ።

«ጎጃም፤ ደብረ ማርቆስ። የምኖረው አርባ ምንጭ ነው።»

«እሩቅ ነው» አሉ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ። እኔም ዛሬ ከቤቴ እሩቅ ነው የማድረው።»

አራተኛው ቀን፤ ደሴ፣ ኮምቦልቻ

በማለዳ ተጠራሁ፤ እኔ ብቻ። ሊቀመንበሩ ከእኔ ቀድሞ ጽሕፈት ቤት ደርሷል። ጓድ ሽመልስ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ጭቃ የዋጠው ጫማ ገና አልደረቀም። ሸህ እንድሪስ በበረንዳው ላይ በዘበኛ ተጠብቀው ቁጢጥ ብለዋል። ኃላፊው እርሳሳቸውን አቆሙ።

«ነገሩ ቀላል ነው» አሉኝ። «ሽማግሌው ዕጣ መስሎን ነው ይላሉ። ዕጣ ከሆነ ስህተት ነው፤ ይታረማል። እያዩ መርጠው ከጣሉ ግን አድማ ነው፤ አድማ መሪ አለው። ማሰሮው አጠገብ የቆምሽው አንቺ ነሽ። ምን አየሽ?»

አሮጊቷን አየሁ ብል አሮጊቷ ይጠፋሉ፤ ሸሁም አብረው። ምንም አላየሁም ብል በፍልሰታ፣ በእመቤቴ ጾም ዋሸሁ። ማምለጫ ስፈልግ በሁለቱም መልስ በር ላይ ዘበኛ ቆሞ አገኘሁት። ያኔ ትናንት በገዛ አፌ ያስተረጎምኩት ቃል መጣልኝ።

«ጌታዬ» አልኩ፤ ጓድ ማለቱ ጠፋኝ፤ «የማሰሮ ጠባቂ ፊቱን ያዞራል፤ ቢያይም ለማንም አይናገርም ተብሎ በሕዝብ ፊት ታውጇል። ያወጅኩት እኔ ነኝ። ጓድ ሽመልስም ሊቀመንበሩም ሰምተው ተስማምተዋል። አሁን አየሁ ወይም አላየሁ ብዬ ብናገር፣ የተላክሁበትን ትምህርት እኔው አፈረስኩት ማለት ነው። ስለዚህ የምናገረው የለኝም።»

በሕይወቴ ለመንግሥት ሰው እምቢ ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ኃላፊው እርሳሱን አላወረዱትም። ብዙ አዩኝ። ቀጥለው ጓድ ሽመልስን አዩት። «ጥያቄውን ማን መረጠው?» አሉ።

ጓድ ሽመልስ ወደ ሊቀመንበሩ አየ። ሊቀመንበሩ ወለሉን አየ።

«በባዕድ እንግዳ ፊት፣ አንድ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበሩን አልፈልግም አለ ብዬ ወደ በላይ ልጻፍ?» አሉ ኃላፊው ቀስ ብለው። «ይህን ነው የምትፈልጉት?»

ያን ጊዜ ገባኝ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ያልፈራ ሰው አልነበረም። እኔ እሳቸውን ስፈራ፣ እሳቸው ደግሞ በላያቸው ያለውን ይፈራሉ።

እርሳሱ ተጋደመ። «ዕጣ ነበር» አሉ ኃላፊው። «በዕጣ ሰው አይከሰስም። ሽማግሌውን ልቀቋቸው። ልምምዱም ሁለተኛ አይደገምም።»

በረንዳው ላይ ሸህ እንድሪስ ሁለት እጄን ያዙኝ። ምን እንዳልኩ አልጠየቁኝም፤ እኔም ስለ መሐላቸው አልጠየቅኳቸውም። «አላህ ይጠብቅሽ፤ ያንችም እመቤት ትጠብቅሽ» አሉኝና ወደ ቦሩ ሜዳ በእግራቸው መንገድ ጀመሩ። ጋሽ ተፈራ ላድርስዎ ቢሏቸው «ያ መኪና ትናንት ሲጭነኝ መንደሩ አልቅሷል፤ ዛሬ በእግሬ ስመጣ ቢያየኝ ይሻላል» ብለው አሻፈረኝ አሉ።

ኮምቦልቻ ወርደን ወይዘሮ ዘሃራ ቤት ገባን። ያ ቅቤ የማያውቅ ድስት እሳት ላይ ነበር። ለወይዘሮ ረህማ ያን ያስተኛኋትን ዓረፍተ ነገር፣ ስለሚቆጠረው እጅ፣ እዚያው በተናጋሪዋ በወይዘሮ ዘሃራ ፊት አስተረጎምኩላቸው። ሁሉንም፣ ሳላሳጥር። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የተናገሩትንም ምን እንዳደረግኩት ነገርኳቸው። ወይዘሮ ረህማ «አሁን አማርኛ ረዘመ» አሉ።

ከተመለስኩ በኋላ

አርባ ምንጭ ገብቼ ብዙ ሰንበትኩ፤ ፍርሃቱ ግን አብሮኝ መጥቶ ነበር። ከደጄ መኪና በቆመ ቁጥር በበሩ ስንጥቅ አጮልቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከኋላዬ የሚሄደውን እቆጥራለሁ። ማንም አልመጣም። ሸህ እንድሪስም በሰላም መኖራቸውን ጋሽ ተፈራ ከወራት በኋላ ወሬ ላኩልኝ። ሊቀመንበሩ ግን ሊቀመንበር ሆኖ ቀጠለ። ማሰሮው ሊያወርደው አልቻለም።

አንድ ቀን ነበር፣ ለሽሮ ይሆነኛል ብዬ ያን የአሮጊቷን እህል አወረድኩ። ገብሱና ባቄላው ተደባልቋል፤ መለየት አለበት። ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ስለቅም ሸሁ ትዝ አሉኝ፤ ስለ መሐላቸው ለእመቤቴ ስለምንላቸው ነበር የከረምኩት። ምን እንደ መጣብኝ አላውቅም፤ ከሰፌዱ አንድ ገብስና አንድ ባቄላ መዳፌ ላይ አደረግሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። በጣቴ አንከባለልኳቸው። አንዱ ቀጭን፣ ጫፉ የሚወጋ ነው። ሌላው ወፍራም፣ ልስልስ፣ እንደ ጠጠር የሚሞላ። ባቄላውን አንስቼ ዓይኔን ገለጥኩ። ባቄላ ነው።

ደገምኩት። ባቄላ ነው።

ሸሁ በሐሰት አልማሉም። ሰፌዱን እስኪጨልም ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ ለቀምኩት፤ አንድም አልተሳሳትኩም።